የእሽቅድምድም ፈረሶችና አንባቢዎቻቸው፦ በ«ቶሮብሬድ» ተከታታይ ልብ ወለድ ላይ የሚነሣው ቅሬታ የቱ ላይ ልክ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1991 ጆአና ካምቤል የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ «ቶሮብሬድ» (ንጹሕ ዘር የእሽቅድምድም ፈረስ ማለት ነው) በሚል የወል ስም የጀመረችው የልጆች ልብ ወለድ በ2005 ሲያበቃ 72 ቅጾች ደርሶ ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው በኬንታኪ ግዛት፣ የእሽቅድምድም ፈረሶች በሚረቡባቸው ለምለም መስኮች ነው። በ1990ዎቹ መጻሕፍቱን በልጅነታቸው ያነበቡት፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል፤ ቅጾቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ገበያ እየለቀሙ እንደገና ያነቧቸዋል፣ ስለ እነርሱም በብርቱ ይከራከራሉ። ክርክሩ የልጅነት ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን ያደረገው የእሽቅድምድሙ ዓለም ራሱ ነው። በካሊፎርኒያው የሳንታ አኒታ ሜዳ ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 አጋማሽ ድረስ 30 ያህል ፈረሶች ሞተዋል፤ ኬንታኪ ደርቢ የተባለው ታላቅ ዓመታዊ የፈረስ ውድድር በሚካሄድበት በቸርችል ዳውንስ ሜዳም በ2023 ጸደይ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 12 ፈረሶች አልቀው ቀሪው ውድድር ወደ ሌላ ሜዳ እንዲዛወር ተገድዷል። ከዚያ ወዲህ ልጅን በእሽቅድምድም ፍቅር የሚያስይዝ መጽሐፍ መስጠት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም።

አንባቢዎቹ ስለ መጻሕፍቱ አጻጻፍ የሚሰጡት አስተያየት በአብዛኛው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ እውነተኛነታቸው የሚሰጡት ፍርድ ግን፣ ድሉ በዛ፣ የፈረሶቹ ሞትም በዛ የሚለው፣ ዋናውን ጉዳይ የሳተ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተከታታዩ ከባዱን ጥያቄ የነካው ብዙዎች ሰልችተው በዘለሏቸው ቅጾች ውስጥ ነው።

መጻሕፍቱን ላላነበበ ሰው መነሻውን ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሽሊ ግሪፈን የአንዲት ትንሽ የፈረስ እርባታ ባለቤቶች ልጅ ናት። በሽታ ገብቶ ባዝራዎቹን ሲፈጅ ቤተሰቡ እርባታውን ያጣል፤ ወላጆቿም ታውንሴንድ ኤከርስ በተባለ የሀብታም እርባታ ተቀጥረው ይገባሉ። እዚያም ሆሊ ቫው የተባለች ባዝራ ደካማ ግልገል ትወልዳለች። ባለቤቶቹ ተስፋ የቆረጡባትን ይህችን ዳማ ግልገል አሽሊ ሌሊቱን እያደረች፣ ጡጦ እያጠባች፣ ገላዋን በጭድ እያሸች ታተርፋታለች። ግልገሏ «አሽሊስ ወንደር» የሚል ስም ይወጣላታል፤ የአሽሊ ድንቅ ማለት ነው። በአሜሪካ የእሽቅድምድም ፈረስ ስም ክፍት ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ተቆጥሮ ከ18 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ ይህ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 17 ሆኖ ሕጉን ያልፋል። በአገራችን ወግ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ ጌታው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፤ እዚህ ግን ፈረሷ ናት የልጅቷን ስም ተሸክማ የምትሮጠው። የታሪኩ ፍሬ ነገርም ያው ነው። ልጅቷ ምንም የላትም፤ ፈረሷም የእርሷ አይደለችም። በኋላ የእርባታው ባለቤት የወንደርን ግማሽ ድርሻ ለአሽሊ ይሰጣታል፤ የቀረው ግማሽ ግን በታውንሴንዶች እጅ ይቆያል። ከዚህ የጋራ ባለቤትነት የሚመነጨው ጠብ በወንደር ግልገሎች ላይ እየተላለፈ ብዙ ቅጾችን ያንቀሳቅሳል።

የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ከሁሉ እንደሚበልጡ አንባቢዎች ሁሉ የሚስማሙ ይመስላል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እነዚህን ቅጾች የጻፈችው ካምቤል ራሷ ናት፤ የጋጣውንም ሥራ ታውቀዋለች። ፈረስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ እንደሚሰለጥን፣ ከሩጫ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ እየተመራ በእግሩ መንሸራሸር እንዳለበት፣ እግሩ በእጅ ሲዳሰስ የሚሰማው ትንሽ ሙቀት የጉዳት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አንባቢዋ ልጅ ከታሪኩ ጋር አብራ ትማራለች። ተከታታዩ እየገፋ ሲሄድ ግን ጽሑፉ ወደ ሌሎች ደራሲያን ተላለፈ፤ የካምቤል ስም በሽፋኑ ላይ የቀረው በፈጣሪነት ብቻ ነበር። በአሜሪካ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የልጆች ተከታታይ ልብ ወለዶች በአብዛኛው የሚመረቱት በዚህ መንገድ ነበር፦ አንዱ ይጀምራል፣ አዘጋጆች የታሪኩን ንድፍ ያወጣሉ፣ ሌሎች በየተራቸው ይጽፋሉ፣ በየጥቂት ወሩም አዲስ ቅጽ መደርደሪያ ላይ ይውላል።

ከዚህ የተነሣ የመጣው ቅሬታ የዘር ሐረግ ስሕተት ነው። በአንድ ቅጽ የተነገረው የፈረስ ዕድሜ፣ መልክ ወይም አባት በሌላው ቅጽ ይለወጣል። ለውጭ ተመልካች ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ በእሽቅድምድም ዓለም ግን ጥቃቅን አይደለም። ባዝራ ለ11 ወር ያህል ታረግዛለች፤ በዓመትም የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተወለደ ንጹሕ ዘር የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ፣ የተወለደበት ቀን መቼም ይሁን መቼ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ኬንታኪ ደርቢን የመሰለ ውድድር ደግሞ ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የተወሰነ በመሆኑ አንድ ፈረስ ያንን ዕድል የሚያገኘው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ ወንደር ስንት ግልገል በየትኛው ዓመት ወለደች የሚለውን በደብተሯ ጽፋ የምትቆጥር የ11 ዓመት አንባቢ ቢኖር፣ የምትሠራው ሥራ የእሽቅድምድም ፈረሶችን የዘር መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካው ጆኪ ክለብ ከሚሠራው አይለይም። ክለቡ የእያንዳንዱን ግልገል ወላጆች በዘር ምርመራ ያረጋግጣል፤ ከ2017 ጀምሮ የተወለዱትን ደግሞ ከቆዳቸው ሥር በሚቀበር ማይክሮቺፕ ይለያል። መጽሐፉ ልጆቹን ይህን ጥንቃቄ አስተማራቸው፤ እነርሱም በተማሩት መሠረት መጽሐፉን መረመሩት። አዘጋጆቹ አንባቢዋ ስማቸውን አንድ በአንድ የምታውቃቸውን ፈረሶች የማይመዘግቡ መሆናቸው በእውነት የሚያስወቅስ ነው።

ነገር ግን ስሕተት ብቻውን አንባቢን አያርቅም። አሜሪካዊው ደራሲ ዋልተር ፋርሊ ከ1941 ጀምሮ በጻፈው «ጥቁሩ ድንጉላ» በተባለው ተከታታይ ልብ ወለድ ውስጥ፣ በ1955 በወጣው አንድ ቅጽ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ብቅ ብለው ፈረስና ጋላቢውን ወደ ውድድር ያጓጉዛሉ። በፈረስ ልብ ወለድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እንግዳ ነገር ለማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም ብዙ አንባቢዎች ያንን ቅጽ እንደ ደራሲው እብደት ቆጥረው ያልፉታል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰሙት የአንድ ሰው ድምፅ ነው። የ«ቶሮብሬድ» አንባቢዎች የሚናገሩት ቅያሜ ሲመረመር ከፈረሶቹ ዕድሜ ይልቅ የሚያነሡት ይህንኑ ነው፦ የሚያውቁት ሰው ድምፅ ጠፍቶባቸዋል።

ቅያሜው የበረታው በአሽሊ ላይ ነው። ታሪኩ በመካከል ዓመታትን ዘሎ ወደ ልጇ ወደ ክርስቲና ሲዛወር፣ አሽሊ የተሳካላት የዋይትብሩክ እርባታ ባለቤት፣ የማይክ ሪስ ሚስትና ጥብቅ እናት ሆና ትታያለች። ልጇ እሽቅድምድምን አልወድም ብላ መሰናክል ወደሚዘለልበትና አገር አቋራጭ ወደሚጋለብበት የግልቢያ ስፖርት ስታዘነብል እናትየዋ ይከፋታል፣ ትቆጣለች፣ ትከለክላለች። «ይህች እኛ የምናውቃት አሽሊ አይደለችም» የሚሉ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በፊት ዓለሙን የምናየው በአሽሊ ዐይን ነበር፤ አሁን አሽሊን የምናያት በልጅ ዐይን ነው። አንዲት ልጅ ለአንዲት ግልገል ስትል ቤተሰቧን፣ ትምህርቷንና እንቅልፏን የተወችበት ግትርነት ከውስጥ ሲታይ ጀግንነት ነው፤ ያ ግትርነት አድጎ እናት ሲሆን ከፊቱ የቆመችው ልጅ የምታየው ሌላ ነገር ነው። የኋለኞቹ ደራሲያን ይህን አስበውበት ጻፉት ለማለት አልደፍርም፤ የሆነው ሆኖ ገጹ ላይ ያለችው ሴት ከልጅነቷ ጋር የምትጣላ አይደለችም።

ድሉ በዛ የሚለውን ቅሬታ በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። አንድ እርባታ በአንድ ትውልድ ይህን ሁሉ ታላላቅ ውድድር አያሸንፍም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። የጋላቢዎቹ ወጣትነት ግን እንደሚባለው የማይታመን አይደለም፤ ስቲቭ ኮውተን በ1978 ሦስቱን የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች (ኬንታኪ ደርቢን፣ ፕሪክነስንና ቤልሞንት ስቴክስን) አፈርምድ በተባለው ፈረስ ሲያሸንፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። መጻሕፍቱ ለሴት ልጆች የሰጡት ተስፋ ግን ከጊዜው የቀደመ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ጂሊ የምትባል ሴት ጆኪ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ጋላቢ፣ አለች፤ አሽሊ ራሷም በኋላ ጆኪ ትሆናለች። በእውነተኛው ዓለም ዳያን ክረምፕ በ1969 በፍሎሪዳ በይፋዊ ውድድር የጋለበች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በሜዳው ከተሰበሰበው ሰው ቁጣ የተነሣ በፖሊስ ታጅባ መግባት ነበረባት። ጁሊ ክሮን በቤልሞንት ስቴክስ አሸንፋ ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በ1993፣ ተከታታዩ ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሴት አሠልጣኝ ያሰለጠነችው ፈረስ ከእነዚህ ውድድሮች አንዱን እስኪያሸንፍ ድረስ ደግሞ 2023ን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ። «በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ፈረስ መሞት በዛ» የሚለው ስሞታ ከወላጆች አፍ የማይጠፋ ነው። ወንደር ራሷ ስታር የተባለውን የመጨረሻ ግልገሏን ወልዳ ትሞታለች፤ ብዙ አንባቢዎች ከሌላው ሁሉ አስለቅሶናል የሚሉት ይህን ቅጽ ነው። በእኔ ግምት ይህ ስሞታ ቦታውን የሳተ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲጋልብ ያ ሁሉ ክብደት በአንድ አፍታ በአንድ እግር ላይ ያርፋል። ከጉልበቱ በታች ያለው የእግሩ ክፍል ጡንቻ የሌለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ፈረስ እንደ ሰው ወራት ሙሉ ሊተኛ አይችልም፤ ቆሞ መዋል አለበት። የተሰበረውን እግር ሲያሳርፍ ክብደቱ በደህናው እግር ላይ ይወድቃል፤ በዚያኛው ኮቴ ውስጥ አጥንቱን ከኮቴው ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ሕብረ ሥጋ ይቆጣና ይላቀቃል። ባርባሮ በ2006 ደርቢን አሸንፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሪክነስ ውድድር የኋላ ቀኝ እግሩ ሲሰበር፣ ሐኪሞች አጥንቱን በብዙ ብሎን ገጣጥመው ስምንት ወር አቆይተውታል፤ በጃንዋሪ 2007 እንዲሞት የተወሰነው በዚሁ የኮቴ በሽታ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀደም በ1975 ተሸንፋ የማታውቀው ራፊያን በአንድ ለአንድ ግጥሚያ እግሯ ተሰብሮ፣ ከቀዶ ሕክምና ስትነቃ እየተፈራገጠች ስብራቱን ስላባሰችው እንድትሞት ተደርጓል። በ2008 ኤይት ቤልስ ደርቢን ሁለተኛ ሆና ከጨረሰች በኋላ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሰብረው እዚያው ሜዳው ላይ ሞታለች። ይህን ዓለም ያለ ሞት ለልጅ መተረክ ልጁን ማታለል ነው፤ ተከታታዩ በዚህ ረገድ ያላታለለ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል።

ሊጠየቅ የሚገባው ለሞቱ ተጠያቂ የሚደረገው ማን እንደሆነ ነው። በ«ቶሮብሬድ» ፈረስ የሚጎዳው በአደጋ፣ በበሽታ ወይም በክፉ ሰው እጅ ነው። ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ የታውንሴንዱ ልጅ ብራድ ነው፤ ኩሩ፣ ችኩል፣ ፈረስን በሚያስገኘው ክብር ብቻ የሚመዝን። አሽሊና ወዳጆቿ ፈረሳቸውን ስለሚወዱ ጋጣቸው ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ አንባቢዋ የምትወስደው ትምህርት ፍቅር ካለ ፈረስ ይጠበቃል የሚል ይሆናል። በእውነቱ ግን በሳንታ አኒታና በቸርችል ዳውንስ ከሞቱት ፈረሶች ብዙዎቹን የሚወድዳቸው ሰው እንደነበራቸው አልጠራጠርም። የባለሙያዎቹ ክርክር ያተኮረው የሜዳው አፈር በዝናብ ምን ያህል እንደሚለወጥ፣ ሕመምን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከውድድር በፊት መቼ መቆም እንዳለበት፣ የቆየ ትንሽ ስንጥቅ ያለበት አጥንት ሳይታይ እንዴት ወደ መነሻው በር እንደሚደርስና ዕረፍት የሚያሳጥረውን የገንዘብ ጫና በመሰሉ ጉዳዮች ላይ ነው። በማርች 2020 አሠልጣኞችና የእንስሳት ሐኪሞች የሚገኙባቸው 27 ሰዎች ፈረሶችን በተከለከለ መድኃኒት በማስሮጥ በፌደራል ዐቃቤ ሕግ ተከሰዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የፌደራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በአብዛኞቹ ግዛቶች ላይ አንድ ዓይነት የደኅንነት ደንብ ዘረጋ፤ ደንቡ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ሲሠራ ጆኪ በአንድ ውድድር በአለንጋ መምታት የሚችለው ቢበዛ ስድስት ጊዜ እንዲሆን ተወሰነ። በ2009 ከ1,000 ተሳትፎ 2.00 የነበረው የሞት መጠን በ2023 ወደ 1.32 ወርዷል፤ ይህን ደንብ የሚያስፈጽመው አዲሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በሚቆጣጠራቸው ሜዳዎች ደግሞ በ2024 ወደ 0.90 ዝቅ ብሏል። ይህን ቅናሽ ያመጣው ምርመራ፣ መዝገብና ቅጣት ነው። ብራድን ከታሪኩ ብታወጡት ፈረሶቹ መሞታቸውን አያቆሙም፤ ተከታታዩ ለአንባቢው ሳይነግረው የቀረው ይህን ነው።

የተሸነፉት ፈረሶች የት ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄም አለ። በዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎች «አሰልቺ» የሚሏቸው የክርስቲና ቅጾች ከተወደዱት ቅጾች የተሻለ ድፍረት አሳይተዋል። ክርስቲና የምታገኛት ስተርሊንግ ከእሽቅድምድም የወጣች ግራጫ ባዝራ ናት፤ ሜዳው ፈትቷታል፣ ሌላ ሥራ ካልተገኘላት ማን እንደሚያኖራት አይታወቅም። ልጅቷ ያንን ሌላ ሥራ ታስተምራታለች። ወላጆቿ በዚህ ሲከፉ የሚታየው ነገር ታሪኩ ራሱ በግልጽ ያላለው ነው፦ እሽቅድምድሙን የሚወዱ ሰዎች ከእሽቅድምድም በኋላ ላለው የፈረስ ሕይወት ዐይን አልነበራቸውም። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የፈርዲናንድ ዕጣ ይመሰክራል። ፈርዲናንድ በ1986 ደርቢን አሸንፎ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ የዓመቱ ፈረስ ተብሎ ተመርጧል፤ በ1994 ለእርባታ ወደ ጃፓን ተሽጦ በ2002 ወደ ቄራ እንደተላከ የታወቀው ተከታታዩ ገና እየታተመ ሳለ በ2003 ነው። በአሜሪካ የፈረስ ቄራዎች በ2007 ቢዘጉም ፈረሶች ወደ ሜክሲኮና ወደ ካናዳ ቄራዎች መጫናቸው አልቀረም። በኬንታኪ ጆርጅታውን ለጡረተኛ የእሽቅድምድም ፈረሶች የተቋቋመውን ማረፊያ የመሰሉ ድርጅቶች ቢበራከቱም በየዓመቱ ከሜዳ ለሚወጡት ሁሉ ቦታ አይበቃም።

አንድ ሌላ ጉድለት ደግሞ ጥቁር ልጆች ያሏቸው አንባቢዎች አሁን አሁን ያነሡታል፤ ልጁን በአሜሪካ የሚያሳድግ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅም ሊያስተውለው ይገባል። ከአሽሊ እስከ ክርስቲና ያሉት ዋነኞቹ ጀግኖች ነጮች ናቸው። ነገር ግን በ1875 የመጀመሪያውን ደርቢ ከጋለቡት 15 ጆኪዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈው ኦሊቨር ሉዊስም ጥቁር ነበር። አይዛክ መርፊ በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ሦስት ጊዜ ደርቢን ወስዷል። ጂሚ ዊንክፊልድ በ1901 እና በ1902 በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በዘር መድልዎ ምክንያት ሥራ ሲጠብበት ወደ ሩሲያ ሄዶ ለመጋለብ ተገድዷል። ኬንታኪን ለልጅ የሚያስተዋውቅ ማንኛውም መጽሐፍ ይህን ከተወ ከግዛቲቱ የእሽቅድምድም ታሪክ ትልቁን ቁራጭ ትቷል።

መጻሕፍቱን ለልጅ መስጠት ይገባል ወይ ለሚለው የእኔ መልስ አዎን ነው፤ ሆኖም ማንበቡ የወንደር ድሎች ላይ ማብቃት የለበትም። የመጀመሪያዎቹን አራትና አምስት ቅጾች የጨረሰች ልጅ የመሐሉን ሁሉ በተራ ለመከተል ባትገደድ ጉዳት የለውም፤ የስተርሊንግን ታሪክ ግን ብታነብ ጥሩ ነው። ወላጅም አብሮ ተቀምጦ ይህች ባዝራ ክርስቲና ባታገኛት ኖሮ የት ትደርስ ነበር ብሎ ቢጠይቃት፣ መጽሐፉ ከተዋት ቦታ ተነሥታ የባርባሮንና የፈርዲናንድን ነገር ለመረዳት ዕድሜዋ አያንሳትም።